ዳቦውን ልቀቅ፣ ቁርጡን ጠብቅ

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ 107,601 ሰው የሚያስቀምጥ ስታዲየም አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድን በሜዳው በሚጫወትባቸው ቅዳሜዎች፣ ጢም ብሎ ይሞላል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የቡድኑን መከላከል እንዲመራ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሰው ነው፤ የቀረው ሥራውን በነፃ ያግዘዋል። ጎል ሲገባ የሚጨፍር ደጋፊ በየአገሩ አለ። የአሜሪካን ኮሌጅ ደጋፊ ልዩ የሚያደርገው ለምን እንዳልገባበት በረዶው ወድቆ እስኪቀልጥ ድረስ መከራከሩ ነው። አንዱ «ስኪሙ ተሻሽሏል» ይላል፤ የመከላከል ስልቱ ማለቱ ነው። ሌላው «የምን ስኪም? ልጆቹ ናቸው የጠነከሩት» ብሎ ያጣጥልበታል። ሦስተኛው «ከማን ጋር ተጫውተው ነው!» ብሎ ሁለቱንም ያኮርፋቸዋል። ሦስቱም የሚጣሉት አዲሱ ስልት ከአሮጌው ይበልጥ ብልህ መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። እኔ ግን ክርክሩ ከሥሩ ተጣሟል ባይ ነኝ። የመከላከል ስልት መምረጥ ማለት ምን ለማጣት እንደምትስማማ መወሰን ነው። የሚሺጋን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 የተሻሻለው ለማጣት የተስማማበትን ነገር ስለለወጠ ነው፤ ክርክሩ የማያልቀው ደግሞ ደጋፊው ምንም ነገር ለማጣት ስላልተስማማ ነው።

ጨዋታው እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሷ ዕድሜዋን የምትፈጀው በእጅ ነው። ዐሥራ አንድ ሰው ከዐሥራ አንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። ኳስ የያዘው ወገን 10 ያርድ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት፣ ወደፊት እንዲገፋ አራት ዕድል ይሰጠዋል፤ ከተሳካለት ሌላ አራት ይጨመርለታል። እንዲህ እያለ የሜዳው ጫፍ ከደረሰ ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ፣ ከማሟያዋ ምት ጋር 7። ነገሩን በሠርግ ድንኳን ብናስበው ይቀለናል። ተከላካዮቹ አስተናባሪዎች ናቸው፤ አጥቂዎቹ ሳይጠሩ የመጡ እንግዶች። ከድንኳኑ ጥግ ደግሞ ቁርጥ ተንጠልጥሏል። አስተናባሪዎቹ ከሁለት ዓይነት አጠባበቅ አንዱን ይመርጣሉ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ያልተጠራ እንግዳ ተረክቦ፣ በሄደበት እየሄደ፣ ትንፋሹ እስኪሰማው መከተል ነው፤ እኛም በኳስ ቋንቋ ማን ቱ ማን የምንለው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ የድንኳኑን አንድ ጥግ ይዞ ወደዚያ የመጣውን መቀበል ነው፤ ዞን ይባላል። በመጀመሪያው እንግዳው ጉርሻ እንኳ አያገኝም፤ አንዴ ካመለጠ ግን ከኋላ የሚይዘው ስለሌለ ቀጥ ብሎ ቁርጡ ላይ ያርፋል። በሁለተኛው ከጥግ ወደ ጥግ ሲያልፍ ዳቦ ያነሳል፣ ጠላም ይቀምሳል፤ ቁርጡ አጠገብ ሲደርስ ግን አራት ሰው እጁን አጣጥፎ ይጠብቀዋል።

ከ2016 እስከ 2020 የሚሺጋንን መከላከል የመራው ዶን ብራውን ጉርሻ የማይወድ ሰው ነበር። ቅጽል ስሙ «ዶክተር ብሊትዝ» ነው። ብሊትዝ ማለት ከኋላ መጠበቅ የነበረባቸውን ሰዎች ጭምር ኳርተርባክ በሚሉት ኳስ ወርዋሪ ላይ መልቀቅ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ያጣ ወርዋሪ የትም አይደርስም በሚል ስሌት። ስሌቱ ብዙ ጊዜ ሠርቷል። በ2018 ቡድኑ ለመዝጊያው ጨዋታ ወደ ኮሎምበስ ሲሄድ ጥቂት ያርድ በመፍቀድ ከአገሪቱ አንደኛ ነበር። ኮሎምበስ የባላንጣው የኦሃዮ ስቴት ከተማ ናት። በዚያ ሳምንት በግቢያቸው ውስጥ «ኤም» የሚለው ፊደል በቀይ ቴፕ ይሰረዛል፤ የሚሺጋን መነሻ ነውና። በከተማዋ ቁጥሩ ቀላል የማይባል ሐበሻ ይኖራል፤ ደግነቱ የሚሰረዘው የላቲኑ ፊደል ነው እንጂ ምስርና ምንቸት አብሽ ከምግብ ዝርዝር ላይ በወጡ ነበር። ኦሃዮ ስቴት የአንደኛውን ቡድን ስልት በቀላል ነገር ፈታው። ፈጣን ሯጮቹ በሜዳው አግድም፣ አንዱ በሌላው ፊት እየተሻገሩ ሮጡ። ሁለት እንግዶች ድንኳኑ መሀል ሲተላለፉ የሚከተሏቸው አስተናባሪዎች ደረት ለደረት ተላተሙ፤ አንደኛው እንግዳ ከቁርጡ ጋር ብቻውን ተገናኘ። ውጤቱ 62 ለ39 ሆነ፤ ኦሃዮ ስቴት በሚሺጋን ላይ ካስቆጠረው ሁሉ ከፍተኛው። ለፍትሕ ሲባል አንዱ ታችዳውን የመጣው ከታገደ ምት እንጂ ከመከላከሉ ስሕተት እንዳልሆነ መመዝገብ አለበት። ቢሆንም በዓመቱ ያው ድግስ አን አርበር ላይ ተደገመ፤ 56 ለ27። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ።

በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ሚሺጋን ስድስት ጨዋታ ብቻ አድርጎ አራቱን ተሸነፈ፤ በጨዋታ በአማካይ 34.5 ነጥብ ገባበት፤ ብራውንም ተሰናበተ። ዋና አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ ያን ጊዜ ያደረገው ማንም ገበሬ የሚያደርገውን ነው፤ ከወንድሙ በሬ ተዋሰ። ታላቅ ወንድሙ ጆን ሃርቦ ባልቲሞር ሬቨንስ የተባለው የፕሮፌሽናል ቡድን አሰልጣኝ ነበርና ከረዳቶቹ አንዱ ማይክ ማክዶናልድ ወደ አን አርበር መጣ። እንደ ማንኛውም የውሰት በሬም አንድ እርሻ አርሶ በዓመቱ ወደ ጌታው ተመለሰ። ማክዶናልድ ያመጣው ነገር ሲያዩት ግርማ የለውም። አስተናባሪዎቹ በር ላይ ተደርድረው እያንዳንዱን እንግዳ ሊከተሉ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ኳሷ ስትነሳ ግን ግማሹ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሌላው ቦታ ይለዋወጣል፣ ይመጣል የተባለው ይቀራል፣ ይቀራል የተባለው ይመጣል። ወርዋሪው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በዓይኑ የሳለው ሥዕል ከሁለት እርምጃ በኋላ ሌላ ሥዕል ይሆንበታል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ከሦስት ሰከንድ ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ ላይ ግማሽ ሰከንድ ቢያመነታ የሚጠቀመው እየሮጠ የሚመጣበት ግዙፍ ሰው ነው። ሜዳው ወደ ጫፉ ሲጠብ ደግሞ ከተከላካዮቹ ጀርባ የሚሮጥበት ባዶ ቦታ ያልቃል፤ በመሀል ሜዳ የላላው ዞን የመጨረሻዎቹ 20 ያርዶች ላይ ሲደርስ በራሱ ይጠብቃል።

ማስረጃው ከሁለት ወርዋሪዎች ቁጥር ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። በ2018ቱ የ62 ለ39 ጨዋታ የኦሃዮ ስቴቱ ድዌይን ሃስኪንስ፣ ነፍሱን ይማርና፣ 396 ያርድ ወረወረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 27 ቀን 2021፣ በማክዶናልድ መከላከል ፊት የቆመው የዚያው ቡድን ወርዋሪ ሲ ጄ ስትራውድ 394 ያርድ ወረወረ። ልዩነቱ ሁለት ያርድ ብቻ ነው። ያርድ ብቻ የሚቆጥር ሰው የመከላከል አሰልጣኝ መቀየሩ ለባቡር ትኬት የወጣ ኪሳራ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ሃስኪንስ ያን ያርድ ያገኘው በ20 የተሳኩ ኳሶች ሲሆን ስትራውድ 34 አስፈልገውታል። የመጀመሪያው በአንድ ጉርሻ 20 ያርድ ገደማ ሲውጥ ሁለተኛው 12 እንኳ አልደረሰም። የመጀመሪያው ስድስት ታችዳውን ወረወረ፤ ሁለተኛው ሁለት። ያው ርቀት በ34 ቁራሽ ሲከፋፈል በየቁራሹ መሀል ለመሳሳት፣ ለመንሸራተት፣ ለመመታት ዕድል ይፈጠራል፤ ኤይደን ሀቺንሰን የተባለው ተከላካይ በዚያ ቀን ብቻ ስትራውድን ኳሷን ሳይለቅ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አንጥፎታል። ኦሃዮ ስቴት በዚያ ዓመት በነጥብ ከአገሪቱ አንደኛ የነበረ ቡድን ነው፤ ከአን አርበር ግን በ42 ለ27 ተሸንፎ ወጣ። በዚህ ባላንጣ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ተጋጣሚውን ያሸነፈው እኩል ያርድ እያበላው ነው።

አሁን ወደ ደጋፊው እንምጣ፤ ነገሩ የሚያምረው እዚያ ነው። በብራውን ጊዜ «ምነው ትንሽ ርቀት ቢጠብቁ! እንዲህ ተለጥፈውበት ነው እኮ የሚያመልጣቸው» ሲል የነበረው ሰው፣ ማክዶናልድ መጥቶ ርቀት ሲያስጠብቅ «ምን እዚያ ድረስ አስኬዳቸው? አይለጠፉበትም?» ይላል። ተጋጣሚ አምስት ያርድ ባገኘ ቁጥር ጭንቅላቱን ይይዛል። ስድስት ያርድ ሲሆን ባርኔጣውን ያወልቃል። ሦስተኛው ላይ አጠገቡ ለተቀመጠው ለማያውቀው ሰው የአሰልጣኙን የትምህርት ደረጃ ያብራራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት እንግሊዝኛ ባያውቀውም ደጋፊው በአንጀቱ ያውቀዋል። ችግሩ የሚታየውን ጉዳት ከሚያመው ጉዳት ጋር ማምታታቱ ነው። የአምስት ያርድ ኳስ በጨዋታ ሠላሳ ጊዜ ትታያለች፣ ሠላሳ ጊዜ ታስቆጣለች። የስድሳ ያርድ ሩጫ ሁለቴ ብትደርስ ነው፤ ሁለቴ ደርሳ ግን ታሸንፋለች። ያልደረሰችውን ሩጫ ደግሞ ማንም አያያትም። ያልተቆረጠ ሥጋ አይወራለትም፤ ድግስ አልቆ ሰው ሲበተን ስለጎደለው ዳቦ እንጂ ስለተረፈው ሽንጥ የሚያወራ የለም። ስለዚህ ጥሩ መከላከል ለደጋፊው የሚሰጠው ሠላሳ ትንንሽ ብስጭትና አንድ ትልቅ ሰላም ነው፤ ብስጭቱ በዓይን ይታያል፣ ሰላሙ አይታይም።

«ልጆቹ ናቸው እንጂ ስልቱ አይደለም» የሚለው ሰው ግን መልስ ይገባዋል፤ ግማሽ እውነት ይዟልና። መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ። የማክዶናልድ አድናቂዎች ከ34.5 ወደ 17.4 ወረደ እያሉ ሲፎክሩ የሚያነጻጽሩት ከወረርሽኙ ዓመት ጋር ነው፤ ይህ ደግሞ ታሞ የተነሳን ሰው ከአልጋው ጋር አወዳድሮ ሯጭ ነው እንደ ማለት ነው። የብራውን መከላከል በ2018 በአማካይ የተቆጠረበት 19.4፣ በ2019 ደግሞ 20.7 ነው። ከዚያ አንጻር ሲታይ ለውጡ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ለዚህ ሐውልት አይቆምም። ነገር ግን ክርክሬን የሚያጠናክረው ይኸው ነው። የብራውን ስልት ደካማውን ስለሚያደቅ አማካዩ ያምር ነበር፤ ጠንካራው ሲመጣ ነበር 62ና 56 የሚሆነው። አዲሱ ስልት ከደካማው ጋር ያን ያህል ልዩነት አላመጣም፤ ከጠንካራው ጋር ግን በተከታታይ ሦስት ዓመት ኦሃዮ ስቴትን በ27፣ በ23 እና በ24 ነጥብ ገታው። ስለ ልጆቹ ደግሞ፦ ሀቺንሰን በ2020 እግሩ ተሰብሮ ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ አልተጫወተም፤ መመለሱ ብቻውን ብዙ ነገር ነው። በ2021 ደግሞ 14 ጊዜ ወርዋሪ አንጥፎ ለዓመቱ ኮከብ ሽልማት ለሃይስማን ሁለተኛ ወጣ። ይሁንና ከሌላኛው ጫፍ የነበረውን ዴቪድ ኦጃቦን ተመልከቱ። ናይጄሪያ ተወልዶ ስኮትላንድ ያደገ፣ ይህን ጨዋታ የጀመረው አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ የሆነ ልጅ ነው። በ2020 የረባ ነገር ሲሠራ አልታየም፤ በ2021 ግን 11 ጊዜ ወርዋሪ ጣለ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ወርዋሪው ግራ ገብቶት ያቺን ግማሽ ሰከንድ ባያዘገይለት ኖሮ ጉብዝናው መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ መከላከሉን ያሳረፈው ማጥቃቱ ነው ይላል። በ2021ዱ ጨዋታ ሚሺጋን በሩጫ ብቻ 297 ያርድ ገፍቶ ኳሷን ከኦሃዮ ስቴት ደጅ አርቋት ውሏል፤ ሃሰን ሃስኪንስ የተባለ የሚሺጋን ሯጭ አምስት ታችዳውን አግብቷል። አንዱ ሃስኪንስ በ2018 ያፈረሰውን ሌላው ሃስኪንስ በ2021 ጠገነው ማለት ነው። ይህን ተቃውሞ እቀበላለሁ፤ እንግዳው ድንኳን ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት ካጠረ ዳቦው በፍጥነት አያልቅም። ዳቦ እየለቀቀ ጊዜ የሚገዛ መከላከል ያለ ጠንካራ ማጥቃት አይሆንም፤ ስልት የምንለው ሁለቱንም ነው። ከዚህ የከበደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። በ2023 የሚሺጋን ሠራተኛ የተጋጣሚ አሰልጣኞችን የእጅ ምልክት በሕገወጥ መንገድ ሲያስቀዳ ነበር ተብሎ ምርመራ ተከፈተ፤ ሃርቦም የመደበኛውን ውድድር የመጨረሻ ሦስት ጨዋታዎች ከሜዳው ታገደ። የእንግዳውን ሐሳብ አስቀድሞ የሰማ አስተናባሪ ብልህ ቢመስል አይገርምም። ጥላው በ2021ም ሆነ በ2022 ላይ ያርፋል፤ ይህን አልሸፋፍንም። ሆኖም ነገሩ ይፋ ወጥቶ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ፣ ዓይን ሁሉ ቡድኑ ላይ ባለበት፣ ከፔን ስቴት እስከ ዋሽንግተን በነበሩት ከባድ ጨዋታዎች ከ24 በላይ ያስቆጠረበት ቡድን የለም። ሌብነት ቢኖርም ስልቱ ያለ ሌብነት ቆሞ መሄድ ችሏል።

አራተኛው ተቃዋሚ ዝርዝሩን ይዞ ይመጣል፦ በ2021 ሚሺጋን ስቴት 37 ለ33 ሲያሸንፍ ኬኔት ዎከር ብቻውን አምስት ታችዳውን አስቆጠረ፤ ጆርጂያ 34 ለ11 ቀጣው፤ በ2022 መጨረሻ ቲ ሲ ዩ 51 ነጥብ ጫነበት። ስልቱ ያን ያህል ከሆነ እነዚህ ምንድን ናቸው? ከ51ዱ ውስጥ ሁለቱ ታችዳውኖች የመጡት ማጥቃቱ የወረወራቸው ኳሶች ተጠልፈው እንደሆነ መጥቀስ ይቻላል፤ የቀረውን ግን ዝም ብሎ መዋጥ ነው። ለማጣት የተስማማህበት ነገር አንዳንድ ቀን ካሰብከው በላይ ይወስድብሃል። ዎከር ከጥግ ወደ ጥግ ዳቦ እየለቀመ አልዞረም፤ የድንኳኑን ሸራ ቀዶ ነው የገባው፤ ለዚያ የሚሆን ዞን የለም። እኔም አዲሱ ስልት አይሸነፍም አላልኩም። ያልኩት ሲሸነፍም ሲያሸንፍም ምን እንደሰጠና ምን እንደያዘ ያውቃል ነው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማሻሻል ይችላል። ማክዶናልድ ወደ ባልቲሞር ሲመለስ ያንኑ ቋንቋ የሚናገር ሌላ የቀድሞ የሬቨንስ ረዳት ጄሲ ሚንተር ተተካ፤ በ2023 ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 10.4 ነጥብ ብቻ በመፍቀድ ከአገሪቱ አንደኛ ሆነ። ሮዝ ቦውል በተባለው የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ጭማሪ ሰዓት አላባማ ሦስት ያርድና አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶት ወርዋሪው ኳሷን ይዞ መሀሉን ሲገባበት የጠበበው ድንኳን ዋጠው፤ 27 ለ20። ከሳምንት በኋላ በወረወረው ያርድ የአገሪቱ መሪ የነበረው የዋሽንግተን ወርዋሪ 13 ነጥብ አስቆጥሮ ተመለሰ። ዐሥራ አምስት ጨዋታ፣ ዐሥራ አምስት ድል፣ ዋንጫ።

ይህ ክርክሩን የሚዘጋው ይመስል ነበር። ሃርቦ ሚንተርን ይዞ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ሲሄድ በ2024 የመጣው ዊንክ ማርቲንዴል ነው፤ ባልቲሞር ላይ የማክዶናልድ አለቃ የነበረ፣ ብሊትዝ የሚወድ ሰው። መምህሩ ከተማሪው በኋላ መጣ። ቡድኑም ደከም ያለ ዓመት አሳለፈ፤ ደጋፊውም ጊዜ ሳያጠፋ «ምነው ዝም ብሎ ርቀት ቢጠብቅ!» ማለት ጀመረ። ያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያማርረው የነበረው ርቀት ናፈቀው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን በኋላ የአገሪቱን ዋንጫ የበላው ኦሃዮ ስቴት በራሱ ሜዳ ላይ 10 ነጥብ ብቻ አግኝቶ 13 ለ10 ተሸነፈ፤ ደጋፊውም ለአንድ ሳምንት ያህል ማንንም አላሰለጠነም። ከዚያ ተመለሰ። መመለሱን ደግሞ የምነቅፍ አይደለሁም። የተጋጣሚ ወርዋሪ በድምፅ የሚሰጠውን ትእዛዝ ጓደኞቹ እንዳይሰሙት የሚያደርገው የስታዲየሙ ጫጫታ ነው፤ ጫጫታው ደግሞ የሚያስፈልገው ተጋጣሚ ኳስ በያዘበት ሰዓት ነው፤ ደጋፊያችን ደግሞ ለጠፋው ዳቦ የሚጮኸው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ምክሩን አሰልጣኙ ባይሰማው ይሻላል። ጩኸቱን ግን ተጋጣሚ ይስማው፤ ያለ ደመወዝ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ለመከላከሉ የሚጠቅመው እሱ ብቻ ነው።